የእንሰት ቅጠል ፎቶ ስንት ራም ይበላል?

ፎንቆ ላይ ስልክ ሊገዛ ሱቅ ለገባ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚነገረው ሁለት ቁጥር ነው። «ይሄ ሁለት በሠላሳ ሁለት ነው፤ ያኛው አራት በስልሳ አራት።» ሁለተኛው ቁጥር ለማንም ግልጽ ነው። ስንት ፎቶ፣ ስንት መዝሙር፣ ስንት የሠርግ ቪዲዮ እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው እሱ ነው፤ ሲሞላም ስልኩ ራሱ «ቦታ አልቋል» ብሎ ያስጠነቅቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ራም ነው። ስልኩ በዚያች ሰዓት እየሠራበት ያለውን ነገር ሁሉ የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጸዳል። ራም ሲጠብ ግን የሚያስጠነቅቅ የለም። መተግበሪያው ዝም ብሎ ይዘጋል፣ ወይም ከመጀመሪያው ገጽ እንደ አዲስ ይነሳል። ባለቤቱም «ስልኬ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

እኔ የሞባይል መተግበሪያ በመሥራት የምተዳደር የፎንቆ ልጅ ነኝ። ፎንቆ የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና ወደ ወራቤና ቡታጅራ የሚሄድ መንገደኛ ያውቃታል። እዚህ ሰው እጅ ላይ ያሉት ስልኮች አብዛኞቹ 2 ጊጋባይት ራም ያላቸው ናቸው፤ 1 ጊጋ ያላቸውም አልጠፉም። መተግበሪያ የሚሠሩልን ወጣቶች ግን 8 ጊጋና 12 ጊጋ በያዙ ስልኮች ላይ ሞክረው ነው የሚልኩልን። በዚህ ልዩነት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ፎቶ ነው። በተራ መተግበሪያ ውስጥ እንደ ፎቶ ራም የሚበላ ነገር የለም፤ ስንት እንደሚበላ የሚለካም ጥቂት ነው። ልኬቱ ከባድ እንዳልሆነ፣ መለካት ያለበትም በእኛ ስልክ ላይ እንደሆነ ለማሳየት አንድ መተግበሪያ ይዤ ልሂድ።

መተግበሪያው የእንሰት ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ኢትዮጵያዊ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው፤ በሀዲያና በከምባታ ደግሞ ከቤት ጀርባ እንሰት የሌለበት ግቢ ግቢ አይባልም። ይህን ተክል እየጨረሰ ያለው አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የበሽታውን ምክንያት ለይተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1974 ያው ባክቴሪያ ሙዝን እንደሚያጠቃ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ተዘገበ፤ በ2001 ኡጋንዳ የሙዝ ማሳ ላይ ታየ። በሽታው መጀመሪያ የመሃሉን ቅጠል ያጠወልጋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፤ ተክሉ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። ያለው መላ የታመመውን ቶሎ ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት እየለበለቡ መሥራት ነው፤ ከተክል ወደ ተክል፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዛምተው በአብዛኛው ያልጸዳ ቢላዋ ነውና።

ስለዚህ ቶሎ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ለሙዝ ቱማይኒ የሚባል መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ ቅጠሉን ወይም ግንዱን ፎቶ ሲያነሱት በሽታውን ይገምታል። ለካሳቫም ኑሩ የሚባል አለ፤ እሱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔ ያየሁት የእንሰቱ መተግበሪያ የእነዚህን መንገድ የተከተለ ነው። የልማት ሠራተኛዋ ጓሮ ትገባለች፤ የገበሬውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የእንሰቱን ቁጥርና ዕድሜ ትሞላለች፤ ቅጠሉን ታነሳለች። መተግበሪያው «የታመመ ይመስላል» ወይም «ጤነኛ ይመስላል» ይላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ መዝገቡን ይልካል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አሁንም እወደዋለሁ።

ከአንዲት የልማት ሠራተኛ ጋር ከፎንቆ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጓሮ ገባን። ስልኳ 2 ጊጋ ነው። ቅጹን ሞላች፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ ሥራውን ለምዳዋለች። የካሜራውን ምልክት ነካች፣ ካሜራው ተከፈተ፣ ቅጠሉን አነሳች፣ «እሺ» አለች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ የመተግበሪያው አርማ ብቅ አለ፣ ከዚያ ባዶ ቅጽ መጣ። ስሙም፣ ቀበሌውም፣ ቁጥሩም የለም። ደግማ ሞላች፣ ደግማ አነሳች፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ላይ የጓሮው ባለቤት ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣

«ልጆቼ፣ ሦስቴ አነሳችሁት እኮ! ስልኩ የሚረሳው የእኔን ስም ነው ወይስ እንሰቱን?» አሉ።

«ስሙን ነው አባ፤ እንሰቱማ ተቀምጧል» አለች። እውነቷን ነው፤ ፎቶው ጋለሪ ውስጥ አለ፣ የጠፋው ቅጹ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ በቀን ስንት ጓሮ እንደምገባ ታውቃለህ? ሁሉን ሦስት ሦስቴ ከጻፍኩ ማታም አልጨርስ። ለዚህ ነው በደብተር የምመዘግበው» አለችኝ። ደብተሩን አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ ስምና ቀበሌ በንጹሕ ጽሕፈት የሰፈረበት፣ ለበሽታው ደግሞ አንድ ጠባብ ዓምድ ብቻ የተተወለት ደብተር ነው። ስለ በሽታው የሚያስፈልገው ዝርዝር፣ ማለትም ፎቶውና ቦታው፣ ከዚያ ደብተር ውስጥ የለም። የአንድ መተግበሪያ የራም ችግር የመጨረሻ ዋጋው ይህ ነው፤ አረካ ያለ የእንሰት ተመራማሪ ሊያየው ይችል የነበረ መረጃ አይደርሰውም።

ለሠሪዎቹ ደወልኩ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ወዲያው አዳመጡኝ። የመጀመሪያ መልሳቸው ግን ይህን ሥራ ከሚሠራ ሰው ሁሉ የምሰማው ነው፦ «ፎቶውን እኮ ኮምፕረስ አድርገነዋል፤ ከ400 ኪሎባይት አይበልጥም።»

ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ፎቶ ስልክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። ሲቀመጥ በጄፔግ ወይም በመሰል ዘዴ ተጨምቆ ፋይል ይሆናል። የጨመቃው ጥበብ ዓይን የማይለየውን ዝርዝር እየጣለ ቦታ ማትረፍ ነው፤ 4 ሜጋባይት የነበረውን 400 ኪሎባይት ማድረግ ይቻላል። ስክሪን ላይ ሊታይ ወይም በፕሮግራም ሊመረመር ሲል ግን ፋይሉ እንዳለ አይሠራም፤ መፈታት አለበት። ሲፈታ እያንዳንዷ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ የራሷ ቦታ ትይዛለች፦ ለቀይ 1 ባይት፣ ለአረንጓዴ 1፣ ለሰማያዊ 1፣ ነጥቧ ምን ያህል ብርሃን እንደምታሳልፍ ለሚናገረው ደግሞ 1። በድምሩ 4 ባይት። ነጥቧ ነጭ ግድግዳ ላይ ትሁን ቅጠል ላይ፣ ፋይሉ ብዙ ይጨመቅ ትንሽ፣ ሲፈታ 4 ባይት ናት። የእድር ድንኳን ታጥፎ በአንድ ጎረምሳ ትከሻ ይጫናል፤ ሲተከል ግን ግቢ ይሞላል፣ የሚሞላውም ግቢ አጣጠፉ ስላማረ አይቀንስም።

እንግዲህ ሒሳቡ የወረቀትና የእስክሪብቶ ነው። የዚያ ስልክ ካሜራ በሙሉ ጥራት ሲያነሳ 4000 ፒክስል በ3000 ፒክስል ያወጣል፤ 12 ሜጋፒክስል የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናሉ። በ4 ባይት ሲባዛ 48 ሚሊዮን ባይት። ፋይሉ 4 ሜጋባይትም ሆነ 400 ኪሎባይት ሲፈታ የሚይዘው ያው 48 ሚሊዮን ነው። የልጆቹ ጨመቃ ለኔትወርክ ወጪ ጠቅሟል፣ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ፤ ለራም ግን አንዲት ባይት አላተረፈም። ራምን የሚቀንሰው የፎቶው ቁመትና ወርድ ሲቀንስ ብቻ ነው፤ አለዚያም ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ብቻ የሚሰጠውን ዝቅተኛ የቀለም ደረጃ መጠቀም ነው፤ ይህ ግማሹን ይቀንሳል፣ ቀለሙን ግን ያጎድላል። ለበሽታ ምርመራ የቢጫና የአረንጓዴ ልዩነት ዋና ነገር ስለሆነ እኔ አልመክረውም።

48 ሚሊዮን ባይት ለ2 ጊጋ ስልክ ብዙ አይመስል ይሆናል። ግን 2ቱ ጊጋ የመተግበሪያው አይደለም። ከዚያ ላይ አንድሮይድ ራሱ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ኪቦርዱ፣ የመልእክት መቀበያው ሁሉም ይካፈሉታል። የተረፈው ጠባብ ነው። ካሜራ ደግሞ ራሱ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ካሜራው ሲከፈት የእንሰቱ መተግበሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስልኩ ቦታ ሲያጥረው የመጀመሪያ ሥራው ከኋላ ካሉት ብዙ የያዘውን መዝጋት ነው። የልማት ሠራተኛዋ መተግበሪያ የቀደሙትን ጓሮዎች ፎቶዎች ሳይለቅ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ለመዘጋት ግንባር ቀደም ተመራጭ ሆነ። ተመልሳ ስትመጣ ሞቶ ነው ያገኘችው፤ ስልኩ እንደ አዲስ አስነሳላት።

ይህ ሁሉ እስኪለካ ድረስ ግምት ነው። ስለዚህ ሆሳዕና ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ስልኩን በገመድ አያያዝኩ። አንድሮይድ ለዚህ የሚሆን ከማንኛውም ባለሙያ ያልተደበቀ መሣሪያ አለው። ኤዲቢ በሚባለው ማገናኛ በኩል «ደምፕሲስ ሜምኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ የመተግበሪያውን መለያ ስም ጨምሮ ሲጽፉለት፣ ስልኩ ያ መተግበሪያ በዚያች ቅጽበት የያዘውን ራም በየመደቡ ከፍሎ በኪሎባይት ያወጣል፦ ጃቫ ሂፕ፣ ኔቲቭ ሂፕ፣ ኮድ፣ ግራፊክስ፣ በመጨረሻም ጠቅላላ ድምር። ድምሩ ፒኤስኤስ ይባላል፤ ብዙ መተግበሪያዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ቦታ ለተጠቃሚዎቹ አካፍሎ የእያንዳንዱን ድርሻ ስለሚያስብ ከሌሎቹ ድምሮች ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። መተግበሪያው ተከፍቶ ፎቶ ሳይታይበት አንድ ጊዜ ይለካል። አንድ ፎቶ ተከፍቶ እንደገና ይለካል። ከፎቶው ተመልሶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይለካል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ፎቶው የበላው ነው። ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ካልተጠጋ ፎቶው አልተለቀቀም፤ መተግበሪያው ጨርሶታል፣ ግን አልጣለውም። 48 ሚሊዮን ባይት በኪሎባይት 46,875 ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ልኬት ላይ ይህን የሚያህል ጭማሪ ፈለግሁ። አገኘሁት፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ልኬት ግን አልወረደም። ሌላ ፎቶ ስከፍት በላዩ ሌላ 46 ሺህ ተደረበ።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ እሱም የሚታየው መደብ ነው። ከአንድሮይድ 3 እስከ 7 ድረስ የተፈታ ፎቶ የሚቀመጠው ጃቫ ሂፕ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ግን ወደ ኔቲቭ ሂፕ ተዛወረ። ስለዚህ በአዲስ ስልክ ላይ ጃቫ ሂፕን ብቻ የሚያይ ሰው ትንሽና የተረጋጋ ቁጥር አይቶ «ችግር የለም» ይላል፤ ፎቶዎቹ ግን ከጎኑ ባለው መስመር ላይ ተከምረዋል። ይህ ለውጥ የችግሩንም መልክ ቀይሮታል። በአሮጌዎቹ ስልኮች ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የተወሰነ የጃቫ ሂፕ ጣሪያ ስላለ፣ ፎቶው ጣሪያውን ሲነካ መተግበሪያው እዚያው ይወድቃል፤ «መተግበሪያው ቆሟል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ሠሪውም ሪፖርት ይደርሰዋል። በአዲሶቹ ላይ ፎቶው ከዚያ ጣሪያ ውጭ ስለሆነ መተግበሪያው ስልኩ እስኪጨናነቅ ድረስ ይበላል፤ ከዚያ ስልኩ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋዋል። ሠሪው ጋ ብዙ ጊዜ ምንም ሪፖርት አይደርስም። ልጆቹ «በእኛ በኩል ምንም ብልሽት አይታይም» ያሉት ሐቃቸውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ጫፉ፣ ማለትም ራሙ ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍታ፣ ነው። ሰው ስልኩን አቁሞ ሲያነሳ ብዙ ካሜራዎች ፎቶውን ሳያዞሩ «ይህ ሲታይ 90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ላይ ይጽፋሉ። የእንሰቱ መተግበሪያ ይህን ማስታወሻ አንብቦ ፎቶውን ያዞር ነበር። ሲያዞር አዲስ ሁለተኛ ቅጂ ይፈጥራል፤ የመጀመሪያው እስኪለቀቅ ሁለቱም ራም ላይ ናቸው። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ 96 ሚሊዮን ባይት። ከዚያ በኋላ የሚለካ ሰው 48ቱን ብቻ ያያል፣ 96ቱ አልፏል። ስልኩ መተግበሪያውን የሚዘጋው ግን በዚያች ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሳየው አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ፕሮፋይለር ነው፤ ራሙን በግራፍ ስለሚስል ጫፉ እንደ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶው ስክሪን ላይ ሲሳል ደግሞ ግራፊክስ የሚለው መስመርም ሊያድግ ይችላል፤ ለመሳል ተጨማሪ ቅጂ ስለሚያስፈልግ። ስለዚህ በወረቀት ያሰብነው 48 ሚሊዮን ዝቅተኛው ነው፤ ከእሱ በታች አይሆንም፣ ከእሱ በላይ ግን ይሆናል።

አሁን ወደሚያስቆጨው ክፍል ልምጣ። ይህን ሁሉ ራም የበላው ፎቶ ለምን ነበር የተፈታው? በሽታውን ለሚገምተው የመተግበሪያው ክፍል፣ ማለትም ለሞዴሉ፣ ለመስጠት። እንዲህ ያሉ ለስልክ የተሠሩ ሞዴሎች በተለምዶ የሚቀበሉት 224 በ224 ፒክስል የሆነ ትንሽ ምስል ነው፤ የእንሰቱም ያው ነበር። 224 በ224 ማለት 50,176 ነጥብ ነው። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ቀለም 4 ባይት ስለሚይዝ በሦስቱ ቀለማት ሲሰላ 602,112 ባይት ይመጣል። 12 ሚሊዮን ነጥብ ተፈትቶ፣ ዞሮ፣ ከዚያ ወደ 50 ሺህ ነጥብ ተጨምቆ ለሞዴሉ ይሰጣል፤ የቀረው ነጥብ ሁሉ የተፈታው ለመጣል ነው። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ስማቸውን የነገሩት ሞዴሉ ለማያየው ነጥብ ነው።

መፍትሔው አንድሮይድ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው። ፋይሉን ከመፍታት በፊት መጠኑን ብቻ ማንበብ ይቻላል፤ ይህ ራም አይበላም። ከዚያ «በ8 አሳንሰህ ፍታልኝ» ሲባል በወርድም በቁመትም በ8 ያነሰ ምስል ይወጣል፦ 500 በ375። ያ 187,500 ነጥብ፣ 750,000 ባይት ነው። ከ48 ሚሊዮን 64 ጊዜ ያነሰ! ሲዞር ሁለተኛ ቅጂ ቢፈጠር እንኳ ጫፉ 1 ሚሊዮን ተኩል ነው። 224ቱን ለማውጣት 375 ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ፋይል ደግሞ ሳይነካ ማከማቻው ላይ ይቆያል፤ ተመራማሪ በዝርዝር ማየት ሲፈልግ ያገኘዋል። ልጆቹ ይህን ያስተካከሉት በጥቂት መስመር ነው። በዚያው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ቅጹ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ይህም የግድ ነበር፣ ካሜራ ከባድ በመሆኑ ቀላል መተግበሪያም አንዳንድ ጊዜ ከኋላ መዘጋቱ አይቀርም።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶች በመንገዴ ላይ አገኘሁ፤ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። የመግቢያው ገጽ ጀርባ ላይ 1080 በ1920 የሆነ የሚያምር የእንሰት ጓሮ ሥዕል ነበር። በራሱ 8 ሚሊዮን ባይት ግድም ነው። ነገር ግን የተቀመጠው የስክሪን ጥራቱ ያልተለየ ፎልደር ውስጥ በመሆኑ ስልኩ «ይህ ለዝቅተኛ ስክሪን የተሠራ ነው» ብሎ በሁለቱም አቅጣጫ እጥፍ ያሳድገው ነበር። በሁለት አቅጣጫ እጥፍ አራት እጥፍ ነው፤ ከ33 ሚሊዮን ባይት በላይ። አንድም ፎቶ ሳይነሳ፣ ለጌጥ ብቻ! ሁለተኛው ፍላተር በሚባለው የመተግበሪያ መሥሪያ ለሚሠሩ ነው፤ በሀገራችን ብዙ ወጣት የሚሠራው በእሱ ስለሆነ እናገራለሁ። ፍላተር የተፈቱ ምስሎችን ለድጋሚ አገልግሎት እስከ 100 ሜጋባይት ድረስ ሳይለቅ ይይዛል። ለ8 ጊጋ ስልክ ብልህ ልማድ ነው። ለፎንቆ ስልክ ግን ወሰኑ መቀነስ አለበት፤ ምስሉም በሚታይበት ስፋት ልክ እንዲፈታ መታዘዝ አለበት።

የፕሮግራም ሥራ ውስጥ ለሌለ አንባቢም የሚሆን ነገር አለ። ስልክ ስትገዙ «ራሙ ሁለት ሲደመር ሁለት፣ አራት ነው» ከተባላችሁ ሁለተኛው ሁለት ራም አይደለም። ከማከማቻው ላይ ተቆርጦ ለራም እርዳታ የተሰጠ ቦታ ነው፤ ከእውነተኛው ራም እጅግ የዘገየ ነው፣ ፎቶ ለሚበዛበት ሥራ እንደ አራት አትቁጠሩት። የትኛው መተግበሪያ ራማችሁን እንደሚበላ ለማየትም ኮምፒውተር አያስፈልግም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ በሚለው ሥር የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ስትነኩ የሠሪዎች ምርጫ የሚባል ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ እየሠሩ ያሉ መተግበሪያዎችና የያዙት ራም ይታያል። አይታችሁ ውጡ፤ የማታውቁትን እዚያ ገጽ ላይ አትንኩ። የካሜራችሁንም ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በ12 ፈንታ በ3 ሜጋፒክስል ብታነሱ ፎቶው ሲፈታ የሚይዘው ሩቡን ነው፤ ለቅጠልም፣ ለደረሰኝም፣ ለመታወቂያም ይበቃል።

ደቡብ አፍሪካ ልጅ ወይም ወንድም ያለው የእኛ አካባቢ ቤተሰብ ይህን የፎቶ መጠን ጉዳይ በየቀኑ ያገኘዋል። ከጆሃንስበርግ ወይም ከደርባን የሚላክ ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 1280 በ960 ሲፈታ ወደ 4.9 ሚሊዮን ባይት ነው፤ የእናት 2 ጊጋ ስልክ ያለ ችግር ይከፍተዋል። «ጥራቱ እንዳይበላሽ» ተብሎ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ሙሉው ይመጣል፤ ያው 12 ሜጋፒክስል፣ ያው 48 ሚሊዮን። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል የቤተሰብ ፎቶ የምትልኩ ልጆች፣ ለማሳተም ካልሆነ በቀር እንደ ፎቶ ላኩት፤ የእናታችሁ ስልክ ስክሪን 720 በ1600 ከሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ነጥብ ለማሳየት አቅም የለውም።

መተግበሪያ የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ደግሞ ከሠሪው አንድ ወረቀት ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በ2 ጊጋ ስልክ ላይ፣ ፎቶ ከመከፈቱ በፊት፣ ተከፍቶ እያለ፣ ከተዘጋ በኋላ የተለካው ድምር የተጻፈበት ይሁን። በኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ስልክን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የተለካ አትቀበሉ። ኢሙሌተር ላይ ሠሪው ራሙን 2 ጊጋ ብሎ ሊወስነው ይችላል፤ የልማት ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ከጀርባ የሚሠሩት ሃያ ነገሮች ግን እዚያ የሉም።

የእንሰቱ መተግበሪያ አሁን የተመዘገቡ ጓሮዎች ዝርዝር ላይ የሚያሳየው ሙሉ ፎቶ መሆኑ ቀርቷል። ፎቶው ሲነሳ 160 በ160 የሆነ ትንሽ ቅጂ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለአንዱ 102,400 ባይት፣ ለሃያው 2 ሚሊዮን ግድም። ቀድሞ ሃያው ቢፈቱ 960 ሚሊዮን ይሆኑ ነበር፤ እርግጥ ስልኩ እዚያ ሳይደርስ ነበር የሚዘጋው። ገና ያልተነካው በአንድሮይድ 7 የሚሠሩት ስልኮች ጉዳይ ነው። በእነሱ ላይ ፎቶው ጃቫ ሂፕ ውስጥ ስለሚገባ ጣሪያው በየስልኩ ይለያያል፤ መተግበሪያው ራሱ ስልኩን ጠይቆ ጣሪያውን ማወቅና እንደ መልሱ በ8 ወይም በ4 ማሳነስ አለበት። ይህን የሚሞክሩበት አሮጌ ስልክ ልጆቹ እጅ ላይ ስላልነበረ አንድ ከፎንቆ አግኝቼ በአውቶቡስ ልኬላቸዋለሁ።